ስለ ጣይቱ ሆቴል፦ በስብሰባው ላይ ያልጨረስኩት ንግግር



ባለፈው ወር በማኅበራችን አዳራሽ የወላጆች ስብሰባ እንደነበረ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የተሰበሰብነው ስለ ልጆቻችን የኢትዮጵያ ጉዞ ልንመክር ነበር፤ ወጣቶቹ «ማሳ ሾራሺም» ስለሚሉት፣ እኛ ደግሞ ሥር ፍለጋ ስለምንለው። ጎንደር የት ያድራሉ፣ አምቦበርን ማን ያሳያቸዋል የሚለው በሰላም አለፈ። አዲስ አበባ ላይ ስንደርስ ግን ቤቱ ተናወጠ፤ ጥፋተኛውም እኔ ነኝ። የቀረበልን የሆቴል ዝርዝር ሁሉም አዲስ ሕንፃ፣ ሁሉም ባለ መዋኛ ስለነበረ እጄን አውጥቼ «ሁለት ሌሊት ብቻ ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ይደሩ» አልኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የነበራችሁ ታውቃላችሁ። ሰብሳቢዋ ሰዓት አልቋል ብለው ባይዘጉት ኖሮ እስካሁንም ስንጨቃጨቅ በተገኘን ነበር። ቃሌን ስላልጨረስኩ በዚህ ዓምድ እጨርሰዋለሁ። የተቃወማችሁኝም ጻፉ፣ ዓምዱ ክፍት ነው፤ በዕብራይስጡ ገጽ ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩ።

አስቀድሜ ለማያውቁት ልናገር። በቅርብ ዓመታት በ«ጹር እስራኤል» ከመጣችሁት ቤተሰቦች መካከል ከጎንደር ቦሌ፣ ከቦሌ ቤን ጉሪዮን የደረሳችሁና ፒያሳን በዓይናችሁ ያላያችሁ ብዙ ናችሁ። ጣይቱ ሆቴል በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆቴል ነው። ያሠሩት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው፤ ሆቴሉ የተቆረቆረበት ዘመን 1898 ዓ.ም. ነው ይባላል። እቴጌዋ በ1879 ዓ.ም. ፍልውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ከተማዋን አዲስ አበባ ብለው ከሰየሙ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። ሰፊ ሰገነት፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ የእንጨት ደረጃ ያለው ቤት ነው። በዛሬ ዓይን ሲያዩት ትልቅ አይደለም፤ እዚህ ኪርያት ጋት ያለው የእኔ ሺኩን እንኳ በፎቅ ብዛት ይበልጠዋል።

ታዲያ ምኑ ነው እንዲህ የሚያስጨንቅህ? ትሉኛላችሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት ከሩቅ የመጣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚያድርበት እንዲህ ያለ ቤት በአገሩ አልነበረም። ተራ መንገደኛ ከሆነ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። ትልቅ ሰው ወይም ፈረንጅ ከሆነ ንጉሡ ወይም የአገሩ ገዥ ድርጎ ይቆርጥለታል፤ እንጀራው፣ ጠጁ፣ ማሩ፣ በጉ ከባላገሩ እየተሰበሰበ ይላክለታል። ባላገሩ ይህን ድርጎ ምን ያህል እንደጠላው አያቶቻችን ነግረውናል። የሚበላውም ቢሆን አይምሰላችሁ፣ ነፃ ሰው አይደለም። ድርጎ የሚበላ ይጠግባል እንጂ አያዝዝም። ምን እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚነጋገር፣ መቼ እንደሚሄድ የሚቆርጠው አብላዩ ነው። ፔሮ ዳ ኮቪልኻ የሚባለው ፖርቱጋላዊ በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለመልእክት መጥቶ፣ ርስትና ሚስት ተሰጥቶት፣ በክብር ተቀምጦ፣ አገሩን ሳያይ ነው የሞተው። ሂድ የሚለው አላገኘም።

ሆቴል ይህን ነገር ሰበረው። ከፍለህ ትገባለህ፣ ከፍለህ ትወጣለህ። በዚያን ጊዜ እህል ውሃ መሸጥ ነውር ስለነበረ መጀመሪያ ላይ ማንም አልገባም ይባላል። አፄ ምኒልክ መኳንንቱን ወደ ሆቴሉ ጠርተው ካበሉ በኋላ፣ በሌላው ቀን ሲመጡ ሒሳብ ይከፈል ተባለና መኳንንቱ ግራ እየተጋቡ ከፈሉ ተብሎ ይተረካል። ወሬው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ስለሆነ እያንዳንዱን ቃል አልምልበትም። ግን ለሚያስብ ሰው ትልቅ ነገር አለበት። ግብር የሚበላ መኳንንት ሆድ ያለው አሽከር ነው፤ ሒሳብ የሚከፍል ግን ደንበኛ ነው፣ ወጡ ቢጎረና ይናገራል።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሆነን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ስንገባ ብዙዎቻችን የተወሰድነው ወደ ሆቴል ነበር። እኔም ከቤተሰቤ ጋር ስሙን በማልጠራው አንድ ሆቴል ከአንድ ዓመት በላይ ኖሬአለሁ። ለቀሩት ዘመዶቻችን «ሆቴል ገባን» ብለን ስንጽፍ ቀኑብን። እውነቱን ለመናገር ሆቴል አልነበረም፣ ድርጎ ነበር። አልጋው ንጹሕ ነው፣ ምግቡ በሰዓቱ ይመጣል፤ እናቴ ግን ለገዛ ልጆቿ አንድ ቀን ሽሮ ልትሠራ አልቻለችም። የክፍላችን በር ቁልፍ ነበረው፤ ቁልፉ የሚሰቀለው ግን ከእኛ ዘንድ ሳይሆን ከእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ጀርባ ነበር። አባቴ፣ በመንደሩ ሰው የሚሸመግለው ሰው፣ ቁልፉን ለመጠየቅ ዕብራይስጥ ስላልነበረው ኮሪደር ላይ ቆሞ እኔን ይጠብቅ ነበር። ያበሉንን ሰዎች አላማም፤ ብዙዎቹ ደግ ነበሩ። ነገር ግን «ሆቴል» የሚለው ቃል በእኛ ትውልድ ጆሮ ውስጥ ምን ትርጉም እንዳለው ልጆቻችን ሊያውቁ ይገባል እላለሁ።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ በሺዎች ሆነን ከጎንደር አዲስ አበባ ወርደን በኪራይ ክፍል ቁራሽ ቦታ ተጋፍተን፣ ኤምባሲው በር ላይ ስም ሲጠራ እየጠበቅን ነበር። ወጣት ስለነበርኩ ቀኑ አልገፋ ሲለኝ በእግሬ ፒያሳ እወጣ ነበር። ጣይቱ ሆቴልን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አልገባሁም። የከለከለኝ ሰው አልነበረም፤ ኪሴ ባዶ፣ ልብሴ የቆሸሸ ስለነበረ ራሴን ከለከልኩ። በ2013 እ.ኤ.አ. ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ተመልሼ ሰገነቱ ላይ ተቀምጬ ማኪያቶ አዘዝኩ። ጠጥቼ ከፈልኩ፣ መልሱን ለአስተናጋጁ ተውኩለት፤ «ይስጥልኝ ጋሼ» አለኝ። አንድ ስኒ ቡና ነው። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች፣ ምክንያቱም ደረሰኙን አምጥቼ ከመታወቂያችን ጋር አስቀምጬዋለሁ።

በስብሰባው ላይ አንድ የማከብራቸው አባት ተነሥተው «የጣይቱ ቤት ለእኛ ምናችን ነው? እነሱ ነገሥታት፣ እኛ ፈላሻ እየተባልን የኖርን ነን፤ ቢቃጠልስ ምን ቸገረን?» አሉ። ጭብጨባውም ለእሳቸው ነበር። አባታችን ያሉት ሐሰት የለበትም። አፄ ሠርጸ ድንግል በሰሜን ተራሮች በአባቶቻችን ላይ ዘምተዋል፣ አፄ ሱስንዮስም እንዲሁ። ርስት ተከልክለን በሰው መሬት አርሰናል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ክፉ ቀን ከወገናችን ስንቱ በረሃብ እንዳለቀ የየቤታችን ሽማግሌ ነግሮናል። እኔም ልጆቹ እቴጌዋን እንዲያመልኩ አላልኩም።

ግን እስቲ ጎንደር ላይ ምን እንደምናደርግ እንይ። በዚያው ስብሰባ የፋሲል ግንብን ጉብኝት ሁላችንም እጅ አውጥተን አጽድቀናል፤ ያን ጊዜ «ምናችን ነው» ያለ ሰው አልሰማሁም። ግንቡንስ ማን ሠራው? መጽሐፉ አፄ ፋሲለደስ ይላል። ድንጋይ የጠረበ፣ ኖራ የለወሰ፣ እንጨት ያገጠመ ግን ሌላ ነው። የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች በጎንደር ነገሥታት ሥራ ላይ እንደነበሩ የታሪክ ሰዎች ጽፈዋል፤ ካይላ ሜዳ የሚባለውም ቦታ፣ ስሙ ስድብ ቢሆንም፣ በከተማው እንደነበርን ይመሰክራል። ዩኔስኮ ግንቡን በ1979 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግበው ያባቶቻችንንም ላብ አብሮ መዝግቧል፤ ስማቸውን ባይጽፍም። ለጣይቱ ሆቴል እንዲህ ያለ ማስረጃ አላመጣሁም። የእቴጌዋ የአባት ወገን ግን ከሰሜን ነው። አጎታቸው ደጃዝማች ውቤ ሰሜንን ሲገዙ የእኛም አያቶች በግዛታቸው ውስጥ ነበሩ። እንግዲህ ግብር ስንከፍልለት የኖርነው ወገን ቤት ነው፤ አንድ ሁለት ሌሊት ብናድርበት ዕዳ ያለብን እኛ አይደለንም!

ደግሞም ጎረቤቶቻችንን እንይ። ይህች ከተማ በ1950ዎቹ ስትቆረቆር ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ከሞሮኮ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ አዛውንት በየጥቂት ዓመቱ ማራከሽ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱም ስለ ላ ማሙኒያ ሆቴል ይነግሩኛል። በ1920ዎቹ የተከፈተ ታላቅ ሆቴል ነው፣ ብዙ ታድሶ በ2009 እንደገና ተከፍቷል። አባታቸው ማራከሽ ሜላህ ውስጥ ጫማ ሰፊ ነበሩ፤ በዚያ ሆቴል በር አልፈው አያውቁም። ልጅየው ግን አትክልት ቦታው ውስጥ ተቀምጠው በናና ሻይ ጠጥተው ይመጣሉ። የፈረንሳይና የሱልጣን ነገር ነው፣ ምኔ ነው አይሉም። «ማራከሽ የእኔም ናት» ይላሉ፣ ነገሩ በዚያ ያልቃል። እኛ ብቻ ነን እንዴ አገር ስንለቅ ትዝታውንም ለሌላ ሰው ፈርመን የምንሰጠው?

ሁለተኛው ተቃውሞ የመጣው ከአንዲት እናት ነው፤ ይህ የበለጠ ነክቶኛል። «እኛ በአቧራ አደግን፣ በካራቫን ኖርን። እኔ የሰው ቢሮ እየወለወልኩ ያሳደግኳት ልጄ አገሬን ስታይ ለምን በሚንቋቋ ቤት ታድራለች? ጥሩውን ትይ!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ልጅን ጥሩ ነገር ማሳየት ኃጢአት አይደለም። እኔ የምከራከረው «ጥሩ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የጋብቻችን በዓል ስለነበረ ባለቤቴን ኢየሩሳሌም ውስጥ ወደ አንድ የቅንጦት ሆቴል ወሰድኳት። ቦታ አስይዣለሁ፣ ልብሳችንም የሰርግ ልብስ ነበር። በሩ ላይ ያለው ሰው አየንና፣ በጨዋ ድምፅ፣ የሠራተኞች መግቢያ በጀርባ በኩል መሆኑን ነገረን። ሆቴሉን አልጠራም፤ ምናልባት የዚያ ሰው የመጀመሪያ ቀን ይሆናል። እራቱ ጥሩ ነበር፤ ባለቤቴ ግን አልበላችም። እንግዲህ ዕብነ በረድ፣ ወርቅ ቀለም፣ መዋኛ ቤትን ጥሩ አያደርገውም የምለው ከመጽሐፍ ተምሬ አይደለም።

እዚህ ላይ ሦስተኛውን ወገን ልንካ፤ እሱ በስብሰባው አልነበረም፣ በየአገሩ ግን ይናገራል። «ያረጀውን ሆቴል አድሱት፣ ባለ አምስት ኮከብ አድርጉት፣ ያኔ ይከበራል» የሚለው ነው። ማደስ ሲባል ምን እንደሚደረግ ተመልከቱ። ኢየሩሳሌም አግሮን መንገድ ጥግ ላይ በ1929 የተከፈተው ፓላስ ሆቴል ነበረ፤ የሙስሊሞች ላዕላይ ምክር ቤት ያሠራው። በኋላ የእንግሊዞች ቢሮ ሆነ፣ ከዚያ የእስራኤል መንግሥት መሥሪያ ቤት ሆነ፤ በ2014 ዋልዶርፍ አስቶሪያ ተብሎ ተከፈተ። የውጭው ግድግዳ የጥንቱ ነው፣ በጣም ያምራል። ውስጡ ግን አዲስ ነው። በሰሜን አውሮፓም የፊንላንድ ዋና ከተማ ሄልሲንኪ ሆቴል ኬምፕ የሚባል አለ። በ1887 ተከፍቶ የሙዚቃ ደራሲው ሲቤሊየስ ከወዳጆቹ ጋር ሲያመሽበት የነበረ ቤት ነው። በ1960ዎቹ አፈረሱት፤ የድሮውን ፊት አስመስለው ሠሩና ለባንክ ሰጡት። በ1999 ደግሞ መልሰው የቅንጦት ሆቴል አደረጉት። ከጥንቱ የተረፈው ዋናው ነገር የመስታወት አዳራሹ ነው። ሰዎቹ ባላቸው ይኮራሉ፣ ይኩሩ። እኔ ግን ሟች ቆዳው ተገፎ፣ በገለባ ተሞልቶ ቢቆም አባቴ ነው ብዬ አልስመውም።

ጣይቱ ሆቴል ከዚህ የተለየው በምን ነው? እስከማውቀው ድረስ የሰውን በር አልዘጋም። ባለ ትልቅ ክፍልም ነበረ፣ ጓሮ ውስጥ ሻንጣውን በጀርባው የተሸከመ ወጣት በትንሽ ገንዘብ የሚያድርበት ክፍልም ነበረ። ቀትር ላይ የጾም ምሳ ይደረደራል፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፤ የባንክ ሠራተኛም፣ ፈረንጅም፣ የጡረታ ደመወዙን የተቀበለ ሽማግሌም አንድ ሰልፍ ላይ ሳህን ይዞ ይቆም ነበር። (ሥጋና ወተት የሌለበት ምሳ ለእኛ ልጆች ምን ያህል እንደሚቀል ልብ በሉ፤ ስለ ዕቃው ግን ቄሶቻችንና ረቢው ይጠየቁ፣ እኔ አልፈርድም።) በልደታቸው የነገሥታት ከሆኑት ቤቶች ውስጥ እንዲህ ሆኖ ሕዝብ መሐል የገባ ስንት አለ?

ይህ ቤት ደግሞ ሊጠፋ ለጥቂት ነው የተረፈው። እሑድ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሳት ተነሥቶ ብዙውን ክፍል በላው፤ በግቢው የነበረው ጃዛምባ የተባለው የሙዚቃ ቤትም አብሮ ነደደ። እኔ እዚህ በቴሌቪዥን ሳየው ከሰገነቱ ጋር ያቺ ወንበሬ የነደደች መሰለኝ። ከዚያም በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲባል ፒያሳ ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር ከነስሙ ሄደ። ሆቴሉ ቆሞ ተረፈ፤ ጎረቤቶቹ ግን የሉም። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል ይላሉ የሄዱ ሰዎች። ይሁን። መንገድ አይስፋ የሚል ሰው የለም። ነገር ግን ሽሮ የሚሸጡት፣ ጫማ የሚጠግኑት፣ መጽሐፍ የሚያዞሩት ሰዎች ከተነሡ በኋላ የቀረውን አንድ ቤት ደግሞ ለሀብታም ብቻ ካደረግነው፣ ታደሰ የምንለው ምኑን ነው?

መታደስ ይገባዋል፤ ይህንን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። እንጨት የበዛበት አሮጌ ቤት የኤሌክትሪክ መስመሩ መቀየር፣ የእሳት ማጥፊያ ውሃ በየፎቁ መድረስ አለበት፤ በእሳት የሞተ ቅርስ በትዝታ አይነሣም። የተበላው እንጨት በእንጨት ይተካ እንጂ በሲሚንቶና በፕላስቲክ አይሸፈን። የጓሮው ርካሽ ክፍል ግን ይቅር፣ ማለትም ይኑር። የቀትሩም ሰልፍ ይኑር። ይህን የሚወስኑት እዚያ ያሉ ሰዎች ናቸው፣ እኛ ከኪርያት ጋት ሆነን ደብዳቤ ብንጽፍ ማንም አያነብልን ይሆናል። የእንግዳ ገንዘብ ግን ይነበባል። የእኛ ልጆች ጉዞ በየዓመቱ ስንት የአልጋ ሌሊት እንደሚከፍል አስሉት። ያ ገንዘብ ሁሉ ወደ መስታወት ፎቅ ከሄደ፣ የአሮጌው ቤት ባለቤት እኔም ልሁን መስታወት ቢል በምን አፋችን እንወቅሰዋለን?

በነገራችን ላይ ስለ አሮጌ ነገር ስናወራ የራሳችን ከተማ ነገር ትዝ አለኝ። ኪርያት ጋት ስሟን ያገኘችው የጎልያድ አገር ጋት እዚህ አጠገብ ነበረች ተብሎ ታስቦ ነው። በኋላ ግን ሊቃውንት ጋት ያለችው ሌላ ቦታ፣ ቴል ጻፊት ላይ ነው አሉ። ስሙን ግን ማንም አልቀየረም። እንግዲህ የእስራኤል መንግሥት በስሕተት የተገኘን ታሪክ እንኳ እንዲህ አጥብቆ ከያዘ፣ እኛ እርግጠኛ የሆንበትን ለምን እንጥላለን?

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። የምጠይቀው ሁለት ሌሊት ነው፣ ሌላውን ጊዜ መዋኛ ያለበት ይደሩ፣ ይዋኙ። ከመሄዳቸው በፊት ስልክ ተደውሎ ለቡድን የሚሆን ክፍል መኖሩ ይጠየቅ። በ1990 እና በ1991 አዲስ አበባ የጠበቃችሁ ወላጆች ያኔ የት ሰፈር እንደተከራያችሁ፣ በየትኛው መንገድ እንደምትመላለሱ ለልጆቹ ጻፉላቸው፤ መጻፍ የማትችሉ ለማኅበሩ ጸሐፊ ንገሩ፣ እሷ ትጽፋለች። ልጆቹ ከሆቴሉ ተነሥተው ያንን መንገድ በእግራቸው ይሄዱታል። ፎቶግራፍ ያላችሁ አምጡ፤ ቅጂ ተነሥቶ ይመለስላችኋል፣ እኔ ኃላፊነት እወስዳለሁ።

ያቺ እናት ደግሞ፣ ስምዎን ያልጠራሁት በአክብሮት ነው። ደረጃው ይንቋቋል ላሉት፣ አዎ፣ ይንቋቋል። መታጠቢያው በኮሪደሩ መጨረሻ የሆነ ክፍልም አለ ላሉት፣ ያም እውነት ነው፤ ለሴቶቹ ልጆች መታጠቢያው ውስጡ ያለበት እንዲሰጣቸው ከአሁኑ ይጠየቅ። ለሚቀጥለው ስብሰባ የጣይቱን ዋጋ ጠይቄ በወረቀት ይዤ እመጣለሁ። እርስዎም የባለ መዋኛውን ይዘው ይምጡ፤ ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጥና ልጆቹ ባሉበት እንነጋገር።